ከፎጣው ስር የተሰጠ ምክር

በሞያሌ የከብት ገበያ ከኔ በላይ የሚያሞግስ ደላላ የለም። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፤ የሚጠሉኝም ይመሰክራሉ። አንድ ዓይና ግመል "ይሄ እኮ የማይረባውን ነገር አያይም" ብዬ አሻሽጫለሁ። ገዢው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከሳቀ በኋላ እጁን ኪሱ ከተተ። በትምህርት በኩል ግን እዚህ ግባ የምባል አይደለሁም። ከአራተኛ ክፍል ጋር በሰላም ነው የተለያየነው፤ እሷም አልፈለገችኝም፣ እኔም አልለመንኳትም። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው እንደማወራው ነው። የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ በምጽፍበት ስልክ አሳብቡ።

ነገሩ የአባቴ ጂፕ ሞተር ነው።

አባቴ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖሮ እናቴን አገኘና በዚህ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ቀረ። ከባዱን መኪና ለባለቤቱ መለሰ፣ ባጠራቀማት ይቺን ጂፕ ገዛ። የእንግሊዝ ሥራ ናት፤ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። መብራቶቿ ክብ ክብ፣ ቀለሟ አንድ ጊዜ አረንጓዴ የነበረ፣ በሮቿ በሽቦ የሚታሰሩ። በሷ ቅርብ ወዳሉት መንደሮች፣ ወደ ኦዳ፣ ወደ ሄሉ ያገኘውን ሁሉ ይጭን ነበር፤ ፍየል፣ ዱቄት፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ። እኔ ራሴ የተወለድኩት ኋላ ወንበሯ ላይ ነው፤ እናቴ ሆስፒታል በር ሳትደርስ ቸኮልኩ። ስለዚህ ከጂፗ ጋር እህትና ወንድም ነን እላለሁ። እናቴ ደግሞ "እሷ ቢያንስ ቁልፉን ሲነቅሉላት ዝም ትላለች" ትለኛለች።

ከጥቂት ዓመት በፊት ከኦዳ ስትመለስ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ውሃዋን ጨረሰች፣ ቆመች። ጎትተን አመጣንና ግቢያችን ውስጥ ዛፉ ስር አሳረፍናት። ዶሮዎቹ የሹፌሩን ወንበር ወረሱ። አባቴም ጉልበቱ እየከዳው፣ ዓይኑም እየደከመ መጣና ከበር ላይ ወንበሩን ወደ ጂፗ አዙሮ መቀመጥ ለመደ። ሲያያት ይውላል አልልም፣ ምክንያቱም አጥርቶ አያይም። ግን ፊቱን ወደሷ አድርጎ ነው የሚውለው።

አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ "ይሄ ሞተር ይታደስ" አለ።

ሞተር ማደስ ገንዘብ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ገንዘብ የሚባለው አራት እግር ያለው ብቻ ነው። እሱም አንድ ነው፤ የእናቴ ነጭ የቦረና ላም። ጠዋት እናቴ ወተቷን ለሻይ ቤቶች ታደርሳለች፣ የተረፈው ለኛ ነው። አባቴ ወደ ላሟ ሳያይ ነው የተናገረው፤ እናቴ ግን ወዴት እንዳላየ ገባት።

"ላሜን ለብረት?" አለች።

"ብረት አይደለም፣ ሞተር ነው።"

"ልዩነቱ ምንድነው?"

"ሞተር ይነሳል።"

እናቴ ኩባያዎቹን ሰብስባ ተነሳች። መጨቃጨቅ አትወድም፤ ስትፈርድ ግን እንደ ዳኛ ነው። "እሺ። ይነሳል የሚል ሰው አምጡልኝ። ወደዚህም ወደዚያም የማያጋድል ሰው። ካለ እሸጣታለሁ። ከዚህ ቀባጣሪ አፍ ግን አልቀበልም" ብላ በአገጯ እኔን አሳየችው።

አባቴም ጨመረበት። "እኔም ያንተን ሙገሳ አልፈልግም። እውነቱን ብቻ አምጣልኝ። ይድናል ካሉ ይድናል። አይድንም ካሉ ብረት ገዢዎቹን እጠራለሁ። መሃል ላይ ግን አታንጠልጥለኝ፣ ተንጠልጥዬ ከርሜያለሁ።"

"ሌላ ሞተርስ ቢገባባት?" አልኩት።

"ሌላ ሞተር ከገባባት ሌላ መኪና ናት። ሌላ መኪና አልጠየቅኩህም።"

እኔ ነገሩን ቀላል አደረግኩት። በሬ አመጣለሁ፣ ግመል አመጣለሁ፤ እውነት ደግሞ እግር እንኳን የላት፣ የት ትሮጥብኛለች ብዬ ወጣሁ።

እዚህ መካኒክን ፉንዲ ነው የምንለው፤ ስዋሂሊ ነው፣ ግን ማንም ሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር የሚያስብበት አገር አይደለም። ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ፉንዲዎቹ በተርታ አሉ፤ ከታች ዘይት የጠጣ መሬት፣ ከላይ የዳስ ሸራ። ከነሱ ውስጥ ሦስቱን መረጥኩ። አንደኛው ወፍራም ነው፣ ያገለገሉ የጃፓን ሞተሮች ከናይሮቢ እያስመጣ ይሸጣል። ሁለተኛው ረጅም በያጅ ነው፣ ያልበየደው ነገር ሰማይ ብቻ ነው ይሉታል። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩን በክር አስሮ በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ሁሉም፣ እዚህ ሽማግሌን ሁሉ እንደምንጠራው፣ ምዜ ይለዋል፣ እንደ "አባት" ማለት ነው።

መሃላቸው ቆምኩና ጀመርኩ። "የአባቴ ሞተር አንበሳ ነው። ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። እንደሱ ያለ ብረት ዛሬ አይቀልጥም። ትንሽ ነካ ነካ ቢያደርጉት ናይሮቢን በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል። እስቲ ኑና ፍረዱ።" በገበያ ላይ እንደምናገረው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ተናገርኩ። ሰው ዞሮ ያዳምጥ ነበር። እንደኔ የሚናገር የለም ብያችኋለሁ።

መጡም። በየተራ፣ በየቀናቸው። ወፍራሙ ኮፈኑን ከፍቶ፣ "ጥሩ ሞተር ነው፣ እንዲህ ያለ አሁን አይሰራም" ብሎ ዘጋው። በያጁ ዞር ዞር ብሎ አይቷት "ቀለም ብታገኝ ታምራለች" አለ። ሽማግሌው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና "ጎማው ደህና ነው" አለ። ሞተር አሳየሁት፣ ጎማ አየልኝ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ እናቴጋ ገባሁ። "ይኸው ሦስት ምስክር። አንዱም ክፉ አልተናገረም።"

እናቴ ወተት እያጣራች ነበር። "እጃቸውን ታጥበዋል?"

"አልታጠቡም።"

"ሞተር አይቶ እጁን ሳይታጠብ የሚሄድ ፉንዲ አይተህ ታውቃለህ?"

እውነትም አንዳቸውም ውሃ አልጠየቁም።

ጉዱ የገባኝ በማግስቱ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው በሞተር ብስክሌት መጥቶ በሩን አንኳኳ። "ደላላው ጂፕ እየሸጠ ነው ብለውኝ ነው። መጨረሻውን ስንት ትላለህ?" አለኝ።

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። እኛ ገበያ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ባለቤቱ ቆሞ የሚሸጠውን ከብት ከገዢው በቀር ማንም አይነቅፍም። በሬው እያነከሰ ብታይ እንኳን ዓይንህን ወደ ሰማይ አድርገህ ታልፋለህ፤ የሰው እንጀራ ነው። ፉንዲዎቹ ደግሞ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። እኔ ሳሞግስ ሲሰሙ ልጁ እየሸጠ ነው አሉ። ስለዚህ ሦስቱም መጥተው በጨዋ ደንብ አሞገሱልኝ። ያመጣሁት ምስክርነት አልነበረም፣ የራሴ ድምፅ ነበር፤ ከሦስት ሰው አፍ ተመልሶ መጣ።

አባቴ ይሄን ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ቀስ ብሎ፣ "አንተ ያሞገስከው ነገር ሁሉ የሚሸጥ ይመስላል" አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ያን ቀን ገበያ ቆሜ ያቺን ቃሉን አስብ ነበር። ጓደኛዬን "አንተ እኮ ጀግና ነህ" ስለው ለምን እንደሚጠራጠረኝ፣ አንዲት ልጅ ቆንጆ ነሽ ስላት ለምን "ለማን ልትድረኝ ነው?" እንዳለችኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለኝ። የማሞገስ ችሎታዬ ትልቅ ነው፤ ግን እውነት የምፈልግ ቀን ሸክም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እሺ ብዬ ተገለበጥኩ። ካሞገስኩ ሻጭ ከመሰልኩ፣ ላልቅስና በሽተኛ አምጪ ልምሰል። ፊቴን አጨማድጄ ሄድኩ። "ሞተሩ ታሞብናል። ልናሳድሰው ነው፣ የሚሰራልን ሰው እንፈልጋለን፣ ላም እንሸጣለን" አልኩ።

እንደዚያ ስል ያ አንበሳ የተባለው ሞተር በአንዴ አረፈ። ወፍራሙ "እሱማ አልቆለታል፤ አንድ ጃፓን አለልህ፣ ነገ ላውርድልህ" አለኝ። በያጁ ሳያየው "የተሰነጠቀ ቦታ ካለው እኔ እዘጋዋለሁ፣ ከሌለውም አይጠፋም" አለ። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ጣቱን ቆጠረ። "ፒስተኑ ይቀየራል፣ የሚዞረው ዘንግ፣ ኮሎው፣ ሊሞረድ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ባልቦላው ይቀየራል። ከኔ ጋር ከሆነ በሥርዓት ነው።" ከኔ ጋር ከሆነ። ያው ሰዎች፣ ያው ሞተር። መጀመሪያ ጤነኛ ነበር፣ አሁን ሬሳ ሆነ፤ መሃል ላይ የተለወጠው የኔ ፊት ብቻ ነው።

ውሸታሞች ናቸው ብዬ ልናደድ ነበር። ከዚያ ራሴን አየሁ። እኔስ በሬ ስሸጥ ቀንዱን ነው የማሳየው፣ ስገዛ ሰኮናውን ነው የማየው። ስሸጥም ስገዛም አልዋሽም፤ ቀንዱም እውነት ነው፣ ሰኮናውም እውነት ነው። ሰው የሚያየው ከቆመበት ነው። እነዚህም ሰዎች የቆሙበት ቦታ ነው እንጂ ልባቸው አይደለም ችግሩ። ሚዛናዊ ምክር ከፈለግኩ ሰው መለወጥ ሳይሆን የሚቆሙበትን ቦታ መለወጥ ነው ያለብኝ። ይሄን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት፤ ማንም አልነገረኝም።

የቀረው ዘዴው ነበር። እሱን ገበያ ላይ አገኘሁት፤ እጄ ላይ።

እኛ ስንደራደር በአፍ አይደለም። ሻጭና ደላላ እጅ ለእጅ እንያያዛለን፣ በላዩ ላይ ፎጣ እንጥላለን። ዋጋው በጣት ነው፤ አንዱን ጣት ስትጨብጥ ይሄን ያህል፣ ሁለቱን ስትጨብጥ ያን ያህል። ካልተስማማህ የሰውየውን መዳፍ ትዘጋለታለህ፤ አለቀ ማለት ነው። በዙሪያ የቆመው ሰው የሚያየው ፎጣው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ማንም አይሰማም፣ ማንም አያፍርም። ሌላም ነገር አለ። ገዢ የከብቱን ጤና ከተጠራጠረ ከብት የሚያውቅ ሰው ይጠራል። ያ ሰው ከሽያጩ ኮሚሽን አይወስድም፤ ሻይ ብቻ ነው የሚጋበዘው። ኮሚሽን ከወሰደማ ዓይኑ ታውሯል።

ፉንዲዎቹ ጫት ላይ ተሰብስበው ሳሉ ሄድኩ። "አርብ ሦስታችሁም ኑ፣ ሞተሩን ፈታችሁ እዩልኝ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ይታደስ ቢባልም ከሦስታችሁ ማንም አይሰራውም። ሌላ ሰው ነው የሚይዘው።"

"ክፍያውስ?" አለ ወፍራሙ።

"ሻይ አለ። ከገበያ ፍየል ገዝቼ አሳርዳለሁ።"

"ታድያ ሥራውን ካልሰራን ለምንድነው የምንመጣው?"

"ከሦስታችሁ ማን የበለጠ እንደሚያውቅ ለማየት።"

ሦስቱም ቀና አሉ። ጉረኛ የጉረኛን በር የት እንዳለ ያውቃል።

አርብ ከስግደት በኋላ መጡ። አባቴ ወንበሩን ትንሽ ቀረብ አስደረገ። ዶሮዎቹ ተባረሩ። መጀመሪያ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጡ። በያጁ ማኖቬላውን፣ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ብረት፣ ይዞ ማዞር ጀመረ፤ ሽማግሌው አውራ ጣቱን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ በየተራ እየደፈነ ትንፋሹን ለካ። ጤነኛ ሞተር ጣትህን ገፍቶ ይጥላል አሉኝ። ከአራቱ ቀዳዳ ሁለቱ ገፉት፣ ሁለቱ ግን እንደ ሕፃን ነው እፍ ያሉበት። ዘይቱን ቀዱ፤ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ወረደ። ውሃ ገብቶበታል። ያኔ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለት ነው፣ ፈተው አነሱት። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ የብሎኑን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። አንዱ ብሎን እምቢ ሲል "እሱ ሁልጊዜም እምቢተኛ ነው፣ መታ አድርጉት" አላቸው። መታ ሲያደርጉት ተፈታ። አባቴ ፈገግ አለ።

ሽማግሌው የሞተሩን ፊት ጠራርጎ ላምባ ቀባው። አደረቀው። ከዚያ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ፈጭቶ ነሰነሰበት። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ፤ እኔም ጠበቅኩ። ቀስ እያለ፣ በነጩ ጠመኔ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ወጣች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ እየወጣ ነው የሳላት። ከአንዱ ሲሊንደር አፍ ተነስታ ወደሚቀጥለው ሄደች፣ ወደ ውስጥም ወረደች። ፀጉር ታክላለች። ለኔ ፀጉር ብቻ ነበረች።

"ይሄ መጥፎ ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"የተሰነጠቀ ሁሉ አይሞትም" አለ በያጁ። ግን አላየኝም።

አባቴ "እንዴት ነው?" ሲል ከወንበሩ ተጣራ። እሱ መስመሯን አላየም።

"ከዚህ የባሰ አይተናል፣ ምዜ" አለ ወፍራሙ።

"ፈጣሪ ያውቃል" አለ በያጁ።

ሽማግሌው "ጥሩ ሹፌር ነበርክ፣ ከሞተሩ ያስታውቃል" አለው። ይሄኛው እውነት ይመስለኛል፤ ግን የተጠየቀው እሱ አልነበረም።

ዛሬ እጃቸውን ታጠቡ። ለረጅም ጊዜ፣ በሳሙና። እናቴ ከበሩ ሆና አየችኝ፤ አየህ አይደል እንደማለት።

ከተበላ በኋላ ፎጣዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። "አሁን አፍ አያስፈልግም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ላሟ የእናትህ ብትሆን ለዚህ ሞተር ትሸጣታለህ? አዎ ካልክ አንድ ጣቴን ጨብጥ። አይ ካልክ መዳፌን ዝጋ። አንዳችሁ የሌላችሁን አታዩም፣ አባቴም አይሰማም።"

ወፍራሙ ሳቀ፣ ግን እጁን ሰጠኝ። ከፎጣው ስር አራት ጣቴን አንድ ላይ ጨበጠ።

"ዋጋ አይደለም እኮ ፉንዲ።"

"ይቅርታ፣ እጄ ለምዶበት ነው" አለ። ከዚያ መዳፌን ዘጋ። ጃፓኑን እንደማልገዛው ያውቃል፣ ሥራውን እንደማያገኘው ያውቃል፤ እንዲሁ ዘጋው።

በያጁ ቀጠለ። አንድ ጣቴን ጨበጠ። ትንሽ ቆየና ለቀቀው። ከዚያ መዳፌን ዘጋ።

ሽማግሌው የመጨረሻው ነበር። ጣቴን አልነካም። መዳፌን ቀስ ብሎ አጠፈው፣ የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከድን ሰው፣ ከዘጋው በኋላም እጁን በላዩ ላይ አቆየ።

በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። በያጁን ያዝ አድርጌ፣ "ለምን መጀመሪያ ጣቴን ጨበጥክ?" አልኩት።

"የመጀመሪያዋ ለአባትህ ነበረች" አለኝ። "ሁለተኛዋ ለላሟ።"

ሽማግሌው ደግሞ ጫማውን እያጠለቀ በደንብ አስረዳኝ። "ናይሮቢ ብትወስደው ይሰፉታል፣ ውስጡንም ያለብሱታል። ግን ያቺ ላም ናይሮቢ ብታደርሰው አትመልሰውም። ከተመለሰም ራዲያተሩ አለ፣ ማርሹ አለ፣ ፍሬኑ አለ። ይድናል ብልህ አልዋሽም። ወጪውን ይክሳል ብልህ ግን እዋሻለሁ።"

"ታድያ ለአባቴ ለምን አልነገርከውም?"

"አባትህ የላከው አንተን ነው እንጂ እኔን አይደለም።"

ግቢ ተመለስኩ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የተፈታው ሞተር ተከፍቶ ተቀምጧል፣ ጠመኔው ላይ መስመሯ አለች፣ አንዲት ዶሮ ወንበሯን ለማስመለስ ትዞራለች። አባቴ እግሬን ሰማና ፊቱን አዞረ።

"ምን አሉ?"

እንግዲህ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አፌ ሳላዘው ሥራ ጀመረ። "እነሱ እኮ አባዬ፣ እንደዚህ ያለ ሞተር ድሮም አያውቁም፣ የለመዱት..." አልኩና እዚያው ቆምኩ። ምክንያቱም እናቴ ከጓዳ ወጥታ ነበር፣ የወተት እቃው በእጇ፣ ፊቷ እንዳሰብኩት አልነበረም። ያሸነፈች ሰው ፊት አይደለም። "ይነሳል ካሉ እኮ ልሸጣት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ብያለሁ አይደል። ቃሌ ቃል ነው።"

በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብናገር ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር፤ እሱ በሞተሩ፣ እሷ በሱ ደስታ። ለሳምንት። ምናልባት ለወር። ሙገሳ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ያለችውን ደቂቃ ያሸታል፤ እኔ ሕይወቴን ሙሉ የኖርኩት በሷ ነው። በሬም ሆነ ግመል ሲሸጥ እንዲህ ያለች ደቂቃ ትመጣለች፣ ሰውየው ማመን ይፈልጋል፣ አንተ ትንሽ ብቻ ትገፋዋለህ። አባቴ ግን ማመን አይደለም የጠየቀኝ። አታንጠልጥለኝ ነው ያለኝ።

አፌ ስላልታዘዘኝ ወንበሩ አጠገብ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት። ፎጣዬን በላዩ ላይ ጣልኩ። መዳፉ አሁንም የሹፌር ነው፤ እዚህ እዚህ ጋ ጠንካራ ጠንካራ ነገር አለው። ከብት ነጋዴ ሆኖ አያውቅም፣ ግን እዚህ ከተማ የኖረ ሰው የፎጣን ነገር ያውቃል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩና መዳፉን ዘጋሁት።

እንደተዘጋ አቆየው። ድንጋይ የያዘ ይመስል።

"ሦስቱም?" አለ።

"ሦስቱም።"

"ሽማግሌውም?"

"እሱ ነው በደንብ የዘጋው።"

ራሱን ነቀነቀ። እኔ ይሰበራል ብዬ ነበር የፈራሁት። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ፣ ረጅም መንገድ ነድቶ ሞተር ያጠፋ ሰው እንደሚደገፈው። ያን ሁሉ ዓመት የከበደው የሞተሩ መሞት ሳይሆን አለመታወቁ ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። "ጥሩ" አለ። "ላሟን ፍቷት፣ ትጋጥ። ለኔም ሻይ።"

እናቴ ሻዩን ራሷ አመጣችለት። ወተቱን ከወትሮው አብዝታ። ስለ ላሟ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬም።

ብረት ገዢዎቹ ሌላ ሳምንት መጡ። መኪና የሚሰቅል ሚዛን ይዘዋል፣ የሚቆርጡበት እሳት ይዘዋል። አለቃቸው ቀጭን ሰው ነው፣ አይስቅም፤ የሚገዛው በኪሎ ነው። እኔ ልደራደር ፎጣዬን አስተካክዬ ቀረብ ስል አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። በዱላው እየተደገፈ መጥቶ ጂፗ ጎን ቆመ፣ እጁን በኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

"ይቺን መኪና አይተሃታል?" አለው ሰውየውን።

"አይቻታለሁ ምዜ።"

"አላየሃትም። ይቺ መኪና ዝናብ መንገዱን ወስዶት፣ ከባድ መኪናዎቹ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ እሷ ብቻ አልፋለች። አንድ ቀን ጎማ አንሷት በሦስት ጎማ ኦዳ ደርሳለች።"

በሦስት ጎማ መድረሷን እኔም ሰምቼ አላውቅም። እናቴን አየኋት፤ እሷም አላወቀችውም።

"ሞተሯ ደግሞ" አለ አባቴ፣ "አንበሳ ነው። ልጄ ራሱ እዚህ ውስጥ ነው የተወለደው።"

ሰውየው ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት ያገኘ ነው የመሰለኝ።

"እውነቱን ነው?" አለኝ።

"እሱ ካለ ነው" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ሚዛን ጆሮ የለውም፤ አባቴ ቢያሞግስም ባያሞግስም አንዲት ኪሎ አትጨምርም፣ ሰውየውም ያውቃል፣ አባቴም ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ሰውየው ሥራውን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማው። እሳቱን የያዘውም ልጅ አጠፋውና ጠበቀ። አባቴ ጭቃውን፣ ሙሽሮቹን፣ ሌሊት መብራቷ ጠፍቶ በጨረቃ መንዳቱን ሁሉ ተናገረ። የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ ይሆናል፣ ማንም አልተጠራጠረውም።

ሲጨርስ እጁን ከኮፈኑ ላይ አነሳ። ክንዱን ይዤ ወደ ወንበሩ መለስኩት። ከኋላችን እሳቱ እንደገና ተለኮሰ።

ሲቀመጥ ወደኔ ዘንበል አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደህና አድርጌ አሞገስኳት?" አለኝ።

"ከኔ በላይ" አልኩት።

ገበያ ውስጥ ግን ይሄን አትንገሩብኝ።